ታዳጊ ስፖርተኛን ፈትኖ የግል የልምምድ ዕቅድ ማውጣት፦ ዝርዝር መመሪያ

ከዓመታት በፊት አንድ የ13 ዓመት ታዳጊ 30 ሜትር ሳስሮጠው፣ ከስድስት ወር በፊት ካስመዘገበው ሰዓት ዘግይቶ ገባ። ልጁ ሰንፏል ብዬ ደመደምኩና የዝላይና የፍጥነት ልምምዱን ጨመርኩበት። ብዙም ሳይቆይ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት ያመው ጀመር። ቁመቱን የለካሁት ያን ጊዜ ነው፤ በስድስቱ ወራት 5 ሴንቲ ሜትር አድጓል። እግሩ በድንገት የረዘመበት ልጅ ሰውነቱን እንደ አዲስ እየተላመደ ነበርና የሚያስፈልገው ቀለል ያለ ልምምድና ትዕግሥት ነበር። ሰዓቱን በትክክል ይዤዋለሁ፤ የተሳሳትኩት ትርጉሙ ላይ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉ ታዳጊዎችን ለሚያሠለጥኑ፣ ለስፖርት መምህራንና ልጃቸውን ራሳቸው ለሚያለማምዱ ወላጆች ነው። ዕቃው ብዙ አይደለም፦ ረዘም ያለ ሜትር፣ ሰዓት መያዣ ወይም ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ፣ ፊሽካ፣ አሥር ያህል ኮኖች፣ ጠመኔ፣ ሚዛንና አንድ ደብተር ይበቃሉ።

ወደ ሜዳ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ለራስዎ ይመልሱ፦ «የዚህ ፈተና ውጤት ዝቅ ቢል በሚመጣው ሳምንት ልምምድ ላይ ምን እቀይራለሁ?» መልስ ያጡለትን ፈተና ይተዉት። አሥራ ሁለት ፈተና ተፈትኖ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ከሚቀርበት ልጅ ይልቅ፣ አምስት ተፈትኖ አምስቱም በዕቅዱ ውስጥ የገቡለት ልጅ ይጠቀማል።

ጤናና ፈቃድ

ከልጁና ከወላጁ ጋር ተቀምጠው የሚከተሉትን ይጠይቁ። ሲሮጥ ወይም ሲጫወት ራሱን ስቶ ያውቃል? ደረቱን ያመዋል? ትንፋሹ ከእኩዮቹ በተለየ ያጥረዋል? ልቡ ያለ ምክንያት ይመታበታል? ከቤተሰቡ ዕድሜው 50 ሳይሞላ በድንገት ወይም በልብ ሕመም የሞተ ሰው አለ? አስም፣ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ አለበት? የሚወስደው መድኃኒት አለ? ባለፈው ዓመት የተጎዳው የሰውነት ክፍልስ?

ስለ ራስ መሳት፣ ስለ ደረት ሕመም፣ ስለ ልብ ምት ወይም ስለ ቤተሰቡ የልብ ታሪክ ከተጠየቁት በአንዱ እንኳ «አዎ» ካሉ፣ ሐኪም ሳያየው ምንም ዓይነት ፈተና አይጀምሩ። በዚህ ነገር ላይ ድርድር የለም። ትኩሳት ያለበት ወይም ከጉንፋን ገና ያላገገመ ልጅም ቀኑ ይዛወርለት።

ከወላጅ ፈቃድ ያግኙ፤ ለልጁም ለምን እንደሚፈተን በሚገባው ቋንቋ ያስረዱት። ውጤቱ የእርሱ ነው። በጓደኞቹ ፊት ክብደት ጮክ ብሎ መጥራት ወይም የውጤት ደረጃ ግድግዳ ላይ መለጠፍ በዚህ ዕድሜ የሚተወው ቁስል ቶሎ አይሽርም። የሰውነት ስብ ልኬትን ደግሞ ሙያው ለሌለው ሰው ፈጽሞ አልመክርም፤ ታዳጊን ስለ ሰውነቱ ያስጨንቃል፣ ለዕቅዱም የሚጨምረው ነገር የለም።

ቁመት፣ ክብደትና የማለዳ የልብ ምት

ቁመትን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢቻል ጠዋት ይለኩ። የአከርካሪ አጥንት መሀል ያሉ ዲስኮች በቀን ውስጥ ስለሚጨመቁ ሰው ማታ ላይ ከጠዋቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያጥር ይችላል፤ ጠዋት የተለካን ከማታ ጋር ማስተያየት ያሳስታል። ጫማ ይውለቅ፤ ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳ ይንኩ፤ ዓይን ቀጥ ብሎ ይመልከት። በየሦስት ወሩ ይድገሙት።

ልጃገረዶች በጣም በፍጥነት የሚያድጉት በአማካይ 12 ዓመት ገደማ፣ ወንዶች ደግሞ 14 ዓመት ገደማ ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ አንድ ክፍል የሚማሩ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች አንዱ ጎልማሳ፣ ሌላው ሕፃን መስለው ሊቆሙ ይችላሉ። አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት የሚሆነው ለዚህ ነው። በሦስት ወር 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያደገ ልጅ ካጋጠመዎት በደብተሩ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ዝላይና ከባድ ፍጥነት ይቀንሱለት፤ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ወይም ተረከዙ ላይ ሕመም መኖሩን በየሳምንቱ ይጠይቁት።

የማለዳ የልብ ምት ልጁ ራሱ የሚሠራው የቤት ሥራ ነው። ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ ከአልጋው ሳይነሳ፣ ሁለት ጣቱን በአውራ ጣቱ በኩል ባለው የእጁ አንጓ ላይ አድርጎ ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠር። ለአምስት ቀናት መዝግቦ አማካዩን ይያዙ።

ቀኑን ማዘጋጀትና ቅደም ተከተሉ

ፈተናውን ለሁለት ቀናት ይከፋፍሉት፤ በመሀላቸው ቢያንስ 48 ሰዓት ይኑር። በመጀመሪያው ቀን መተጣጠፍ፣ ዝላይ፣ ፍጥነት፣ አቅጣጫ መቀየርና የጡንቻ ብርታት በዚህ ቅደም ተከተል ይሠራሉ። በሁለተኛው ቀን ረጅሙ ሩጫ ብቻ። ረጅሙን ሩጫ ካስቀደሙ በደከመ እግር የሚመዘገበው የፍጥነት ሰዓት ዋጋ የለውም።

ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ከባድ ልምምድ አይኑር። የመጨረሻው ምግብ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ይበላ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሰውነት ያሟሙቁ፦ ቀላል ሩጫ፣ እግርና ክንድ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ፍጥነታቸው ቀስ በቀስ የሚጨምር ሦስት አጫጭር ሩጫዎች። ጡንቻን ወጥሮ ለረጅም ጊዜ መያዝን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ከዝላይና ከፍጥነት በፊት ሲሠራ ኃይል ይቀንሳል።

ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የሜዳውን ዓይነት፣ ጫማውንና የማሟሟቂያውን ይዘት ይመዝግቡ። ደረቅ ሣር ላይ ተሮጦ በሚቀጥለው ጊዜ እርጥብ አፈር ላይ ቢደገም የሚታየው ለውጥ የልጁ ይሁን የሜዳው ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የመጀመሪያው ቀን ፈተናዎች

በቁርጭምጭሚት እንጀምር፤ ብዙዎች ይዘሉታል፣ እኔ ግን አብዝቼ የምወደው ነው። ልጁ በባዶ እግሩ ግድግዳ ፊት ይቁም። የአንድ እግሩን ተረከዝ ከመሬት ሳያነሳ ጉልበቱን አጥፎ ግድግዳውን ያስነካ። ከቻለ እግሩን በ1 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሳብ፤ ተረከዙ ሊነሳ እስከሚልበት ድረስ ይቀጥል። ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ግድግዳ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ይመዝግቡ። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ለዝላይ ግድግዳና ጠመኔ ይበቃሉ። ልጁ ጎኑን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሳ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ በጠመኔ የተቀባ ጣቱን ያሳርፍ። ከዚያ ከቆመበት ጎንበስ ብሎ ይዝለልና ከፍ ያለውን ቦታ ይንካ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ውጤቱ ነው። ይህን የዝላይ ፈተና ዱድሊ ሳርጀንት በ1921 ካሳተመው ወዲህ ብዙ መሣሪያ ተሠርቷል፤ ጠመኔው ግን ዛሬም ይሠራል። ሦስት ጊዜ ይዝለል፣ የተሻለው ይያዝ። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ልጆች መጀመሪያ ሲዘረጉ ትከሻቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያኔ ዝላዩ ያለ አግባብ ይረዝማል።

ለፍጥነት 30 ሜትር ይለኩ፤ 10ኛው ሜትር ላይም ኮን ያቁሙ። በፊሽካ አያስነሱ፤ ልጁ በራሱ ጊዜ ይነሳና ሰዓቱ ከመጀመሪያ እንቅስቃሴው ይቆጠር። አለበለዚያ የሚለካው ፍጥነቱና የመስማት ቅልጥፍናው ተደባልቆ ነው። በእጅ የሚያዝ ሰዓት እውነተኛውን ጊዜ ያሳጥራል፤ ያዡ ሲጀምር ይዘገያል፣ ሲያቆም ይቸኩላል። በአትሌቲክስ የ100 ሜትር የእጅ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ሲነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት ለዚህ ነው። ስልክ ካለዎት በቪዲዮ ይቅረጹ። በሰከንድ 60 ምስል የሚይዝ ስልክ እያንዳንዱ ምስሉ 0.017 ሰከንድ ያህል ነው፤ ምስሎቹን ቆጥሮ ማስላት ከማንኛውም ጣት የተሻለ ነው። ሦስት ሩጫ፣ በየመሀሉ ቢያንስ 3 ደቂቃ ዕረፍት ይኑር፤ ጡንቻ ለአጭርና ፈጣን ሥራ የሚጠቀምበት የክሬቲን ፎስፌት ክምችት በአብዛኛው የሚሞላው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነውና።

አቅጣጫ ለመቀየር አምስት ዜሮ አምስት የሚባለውን ይጠቀሙ። ልጁ 10 ሜትር ሮጦ መስመር ያልፋል፤ ሰዓቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሌላ 5 ሜትር ሄዶ በአንድ እግሩ ረግጦ ይዞራል፣ 5 ሜትር ተመልሶ ያንኑ መስመር ሲያልፍ ሰዓቱ ይቆማል። በቀኝ እግር ሦስት፣ በግራ እግር ሦስት ይሥራ።

ለጡንቻ ብርታት ፑሽ አፕ ይበቃል። ሰውነት ቀጥ ብሎ፣ ክርኑ 90 ዲግሪ እስኪታጠፍ ወርዶ ይመለስ፤ ወገቡ ሲሰምጥ ቆጠራው ያቆማል። ታዳጊ በአንድ ጊዜ ሊያነሳ የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት መፈተን ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሆን ብዬ አውጥቼዋለሁ። የማንሳት ሥርዓቱን በባለሙያ ሳይማር የሚያስፈልገው ምንም ምክንያት የለም።

የሁለተኛው ቀን ሩጫ

ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው ኬኔት ኩፐር በ1968 ያስተዋወቀው የ12 ደቂቃ ሩጫ ነው፤ የተሸፈነውን ርቀት በሜትር መመዝገብ ብቻ ይጠይቃል። ሌላው በሉክ ሌዤ የተዘጋጀው የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ነው፤ በድምፅ ምልክት እየተመራ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በ0.5 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። በ8 ኪሎ ሜትር የሚጀምር ሌላ ቅጂም ስላለ፣ አንዴ የተጠቀሙበትን የድምፅ ቅጂ አይቀይሩ።

ሕፃናት በ12 ደቂቃ ሩጫ የሚወድቁበት ቦታ የመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ እንደ ጥይት ይወጡና በአራተኛው ይራመዳሉ። ስለዚህ ከፈተናው ሳምንት በፊት 6 ደቂቃ አለማምደው፣ መተንፈስ ሳይከብድ የሚቀጥሉበትን ፍጥነት ያስተምሩ። እንደጨረሰ ወዲያውኑ የልብ ምቱን ይለኩ፤ የደረት ቀበቶ ካለ ይሻላል።

የኩፐር ቀመር ርቀቱን ሰውነት ሊጠቀምበት ወደሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ይቀይራል፦ ከሜትሩ 504.9 ቀንሶ ለ44.73 ማካፈል ነው። 2,160 ሜትር የሮጠ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በደቂቃ 37 ሚሊ ሊትር ያህል ይወጣለታል። ቀመሩ ግን የአሜሪካ አየር ኃይል አባል በሆኑ ወንዶች ላይ የተሠራ ስለሆነ ለታዳጊ ብዙ ክብደት አልሰጠውም። የልጁን የራሱን ሜትር ከራሱ ሜትር ጋር ማወዳደር ይበቃል።

የእውነተኛ ለውጥ ወሰን

ማንም ልጅ ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት ውጤት አያመጣም። ስለዚህ አጫጭሮቹን ፈተናዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ይድገሟቸው። አንዲት ልጅ 30 ሜትርን በ5.10፣ ከአራት ቀን በኋላ በ5.16 ሰከንድ ብትሮጥ፣ 0.06 ሰከንድ ያለ ምንም ልምምድ የሚፈጠር ልዩነት ነው። ከስምንት ሳምንት በኋላ 5.06 ብትገባ መሻሻሉን ለማወጅ አልቸኩልም፤ 4.95 ብትገባ ግን እጇን ጨብጬ እንኳን ደስ ያለሽ እላታለሁ። ይህን የወሰን ቁጥር ከእያንዳንዱ ፈተና ጎን ይጻፉት።

ከቁጥር ወደ ዕቅድ

እግር ኳስ የምትጫወት የ14 ዓመት ልጅ እንውሰድ። የማለዳ የልብ ምቷ 64፤ በሩጫው መጨረሻ የታየው ከፍተኛው 204። የ12 ደቂቃ ርቀቷ 2,160 ሜትር። ቁርጭምጭሚቷ በቀኝ 10፣ በግራ 7 ሴንቲ ሜትር። አምስት ዜሮ አምስት በቀኝ 2.72፣ በግራ 2.91 ሰከንድ። ዝላይ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ፑሽ አፕ 9። ባለፉት ሦስት ወራት ቁመቷ ብዙም አልጨመረም።

ሁለቱን የግራ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያዩአቸው ነገሩ ይገለጣል። ስትዞር የምትዘገየው በዚያው ቁርጭምጭሚቷ በሚከብዳት እግር ነው። በመጠይቁ ላይ «አምና ግራ እግሬ ወልቆ ነበር» ብላለች። አንድ ፈተና ብቻ ቢሆን ኖሮ «ቅልጥፍና ይጎድላታል» ተብላ በኮን መሀል ስትሮጥ ትከርም ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን መፍታት፣ ቀጥሎ እግሩን ማጠንከር፣ ከዚያ መዞርን ማለማመድ እንደሚገባ እናውቃለን። ሕመም ካለ ደግሞ ፊዚዮቴራፒስት ይያት።

ከሁለት በላይ ድክመት በአንድ ዕቅድ ውስጥ አያስገቡ። ለእርሷ የመረጥኳቸው የግራ እግሯና የልብና የአተነፋፈስ ብርታቷ ናቸው።

ሰኞ ለግራ እግር ይሁን። የግድግዳውን ፈተና እንደ ልምምድ በየእግሩ 10 ጊዜ ሁለት ዙር፣ ለግራው አንድ ዙር ጨምሮ። በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝ ማንሳት 8 ጊዜ ሦስት ዙር። ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ በአንድ እግር መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ 6 ጊዜ ሦስት ዙር። በአንድ እግር ዘሎ ሳይነቃነቁ ማረፍ 4 ጊዜ ሦስት ዙር። መዝጊያው 6 ፑሽ አፕ ሦስት ዙር።

ረቡዕ የፍጥነት ምልልስ። 2,160 ሜትርን ለ720 ሰከንድ ስናካፍል በሰከንድ 3 ሜትር ይሆናል። 10 በመቶ ስንጨምር 3.3፤ በ30 ሰከንድ 99 ሜትር። እንግዲህ 100 ሜትር ለክተው ኮን ያቁሙ፦ በ30 ሰከንድ ትድረስ፣ 30 ሰከንድ በእርምጃ ትረፍ። ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ 3 ደቂቃ ዕረፍት፣ ደግሞ ስድስት ጊዜ። በሦስተኛው ሳምንት ሰባት፣ በአምስተኛው ስምንት ይሁን፤ አራተኛውን ሳምንት ወደ አራት ዝቅ ያድርጉት፣ ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍም ጭምር ነው።

ዓርብ በግራና በቀኝ እየተፈራረቀ በዝግታ የተጀመረ መዞር በየእግሩ አራት ጊዜ፣ ከዚያ 10 ሜትር አምስት ጊዜ በ2 ደቂቃ ዕረፍት፣ በመጨረሻ 25 ደቂቃ ቀላል ሩጫ። ቀላል ማለት ምን ያህል ነው? ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ለታዳጊ አይሠራም፤ በልጅነትና በጉርምስና ከፍተኛው የልብ ምት ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥምና። በፈተናው የታየውን ይጠቀሙ። 204 ሲቀነስ 64 ይሆናል 140። የዚህ 60 በመቶ 84፤ 64 ሲጨመርበት 148። 70 በመቶው 98፤ ሲደመር 162። ስለዚህ በ148 እና በ162 መካከል ትሩጥ። መለኪያ ከሌላት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራች መሮጥ ትችል።

የቡድን ልምምድና ጨዋታ ያለባቸው ቀናት ከእነዚህ ጋር ከተደራረቡ የሚቀነሰው የእርስዎ ዕቅድ ነው። በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ምንም የታቀደ ልምምድ አይኑር።

በየቀኑ የሚጻፈውና ድጋሚ ፈተናው

ከእያንዳንዱ ልምምድ ግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ልጅቷ ድካሙን ከ0 እስከ 10 ትስጠው፤ በደቂቃው ያባዙት። 60 ደቂቃ ተሠርቶ 6 ብትሰጠው 360 ነው። የሳምንቱ ድምር በድንገት ከዘለለ፣ ወይም የማለዳ የልብ ምቷ ለተከታታይ ቀናት ከተለመደው ከፍ ካለ፣ ወይም እንቅልፏ ከ8 ሰዓት ካነሰ፣ የሚቀጥለውን ልምምድ ያቅልሉ። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ በትምህርት ቤት ፈተና ሰሞን ተማሪዎች መጀመሪያ የሚሠውት ደግሞ እርሱን ነው።

ድጋሚ ፈተናው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ወሰኑን የሚያልፍ ለውጥ መጠበቅ ልጁን ማስጨነቅ ነው። ያው ሜዳ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ጫማ፣ ያው ቅደም ተከተል። የድሮውን ውጤት ከሩጫው በፊት አያንብቡለት።

የግራ ቁርጭምጭሚቷ ተሻሽሎ መዞሯ ባይሻሻል ዕቅዱ ግማሽ መንገድ ደርሷል ማለት ነው፤ ግድግዳውን ትተው የመዞሩን ልምምድ ያሳድጉ። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ በመጀመሪያ ደብተሩን ገልጠው ከታቀዱት ልምምዶች ስንቱ በእርግጥ እንደተሠሩ ይቁጠሩ፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ችግሩ ዕቅዱ ውስጥ ሳይሆን በሳምንቷ አቀማመጥ ውስጥ ነውና ከእርሷና ከወላጆቿ ጋር ቀኖቹን እንደገና ይደልድሉ። ውጤቷ ወደ ኋላ ከተመለሰ ደግሞ ማንንም ከመውቀስዎ በፊት ጫማዋን አስወልቀው ግድግዳው ሥር ያቁሟትና ቁመቷን ይለኩ።